ሳይነበብ የቀረው ኑዛዜ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ደብተር አበላሽቻለሁ። ግማሽ ገጽ እጽፍና እተወዋለሁ፤ ወር ቆይቼ እመለስበታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር ስለኖርኩ ጽሕፈት አይከብደኝም። የሚከብደኝ አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ነው። እናንተም ስትደርሱባት ታውቋታላችሁ።

ነገሩ የሆነው ትርፍ ቤት ከተወረሰ ሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እኔ ጂንካ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ግርማ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ ቱርሚ ተመድቦ ነበር፤ የሐመርን ከብት ሲከትብ ይከርምና በወር አንዴ፣ ዝናብ ከሆነ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል። ልጃችን ሰብለ ስድስት ዓመቷ ነው። የምንኖረው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ማዶ፣ አራት ክፍል ባለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። ግርማ «ከነጋሽ ገዛሁት» ብሎኝ ነው የገባነው። ነጋሽ የልብ ጓደኛው ነበር፤ ጨርቅ ይነግዳል። እኛ ቤቱ በገባን በሁለተኛው ዓመት መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ሚስቱ እትዬ ብርቄ የምትኖርበት ቤት ደግሞ ተቃጠለባትና ከሁለት ልጆቿ ጋር አንዲት የቀበሌ ክፍል ተከራይታ ቅቤ ትነግድ ጀመር። እኛ ግቢ ብዙ ጊዜ ትመጣለች። ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ ቤቱን ታያለች። እኔ ድካሟን የምታሳርፍ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከቱርሚ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠራኝ። በእርሳስ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። የግርማ እጅ ናት፤ ግን ፊደሉ ተንጋዷል።

«ዘኑ፣ ማኅተም ያለው ጸሐፊ ይዘሽ ነይ። ሌላ ምንም አታምጪ።»

«ምን ሆነ?» አልኩት ሾፌሩን።

«የወፍ በሽታ ነው ይላሉ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ጭነን እናምጣህ ስንለው መኪናው ላይ መቀመጥ አልቻለም። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፤ የምትሄጂ ከሆነ ጋቢና እይዝልሻለሁ።»

ያኔ ጂንካ ውስጥ ማኅተም ይዞ ታማሚው ካለበት ድረስ የሚሄድ ውል አዋዋይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አቶ ደምሴ ይባላል። የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዳኛው ሲፈቅድለት ከቢሮው ወጥቶ ኑዛዜ ይቀበላል። ቀጭን፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ስገባ ከመዝገቡ ላይ ቀና አላለም።

«ሟቹ ማን ነው?» አለኝ።

«አልሞተም!»

ቀና አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ተናዛዡ ማን ነው?»

ነገርኩት። ሂሳቡን በጣቶቹ እየቆጠረ አስረዳኝ። የመዝገቡ ክፍያ በደረሰኝ ነው። ቴምብሩን እኔ እገዛለሁ። የእሱ የሁለት ቀን ውሎ አበል አለ፤ መሄጃና መመለሻውም በእኔ ነው።

«ከደረሰኝ ውጭ አንድ ሳንቲም ቢያሳዩኝ እዚያው መንገድ ላይ እወርዳለሁ» አለኝ።

«በአንድ ቀን ብንመለስስ?»

«ለቱርሚ መንገድ ዋስ የሚሆን ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

«ባይፈርምስ? ሐሳቡን ቢለውጥ?»

«አበሉ አይመለስም። የሚከፈለኝ ለመምጣቴ ነው፤ ለሚሆነው ነገር አይደለም።»

ሰብለን ጎረቤት አስቀምጬ ረቡዕ ጠዋት ተነሣን። አቶ ደምሴ ማኅተሙን፣ የቀለም ሰሌዳውንና ወረቀቶቹን የሚይዘው በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያዘው። ቀይ አፈርን ስናልፍ ሾፌሩ አላስችል አለው።

«ጋሼ፣ ብስኩቱን አንካፈልም?»

«ይህን ብስኩት የቀመሰ ሰው ይታሰራል» አለ አቶ ደምሴ፤ ፊቱ ግን ፈገግ አላለም።

ዲመካን አልፈን ከስኬ ወንዝ ስንደርስ ውሃው ሞልቷል። ሌላ ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ ቀይ ሆኖ ዛፍ ይዞ ይወርዳል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ «እስኪጎድል ነው» አለና ከመኪናው ሥር ገብቶ ተኛ። ገና ቀኑ አልተጋመሰም ነበር። ማዶው ይታየኛል። ግርማ ከዚያ ማዶ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ወንዙ ዳር ቆሜ የማደርገውን አጣሁ።

«አቶ ደምሴ፣ እዚሁ ይጻፉት» አልኩ። «የሚለውን እኔ አውቃለሁ። ቤቱ ለእኔና ለልጁ ነው። ስንደርስ መፈረም ብቻ ይሁን፤ ጊዜ የለንም።»

ቆርቆሮውን አልከፈተም።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ እኔ የምጽፈው ከእሱ አፍ የሰማሁትን ነው። ከጻፍኩ በኋላ ለእሱና ለምስክሩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቃሌ ነው ካለ ይፈርማል። ካልተነበበ ኑዛዜ አይባልም፤ ወረቀት ነው።»

«ምስክር ስንት ያስፈልጋል?»

«ተራ ሰው ቢጽፈው አራት። እኔ በሥራዬ ስለመጣሁ ከእኔ ሌላ አንድ ይበቃል። እርስዎ ግን አይሆኑም። ቃሉን ሲሰጥም ውጭ ይቆያሉ።»

«ሚስቱ ነኝ እኮ!»

«ለዚያ ነው።»

ተናደድኩ፤ ጀርባዬን ሰጠሁት። ወንዙ የጎደለው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ያቺን አንድ ቀን አሁንም አልረሳትም፤ ያቺ ግን የወንዙ ናት። የእኔ ሌላ ናት።

ቱርሚ ስንደርስ ኦይታ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘነው። ኦይታ የሐመር ሰው ነው፤ ግርማ ከብት ሲከትብ ቀንድ የሚይዝለት፣ የሚያስተረጉምለትም እሱ ነው። ግርማን «ሐኪም» ይለዋል።

«ሐኪም አልተኛም» አለኝ። «በር ያያል። ትናንት በር አየ፣ ዛሬ በር ያያል። አንቺ የት ነበርሽ?»

«ወንዝ ያዘን።»

«ወንዝ» አለና በእጁ አፉን ሸፈነ።

ግርማ የመድኃኒት ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የጠፍር አልጋ ላይ ተኝቷል። ቆዳው ቢጫ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ነው። ሆዱ ተነፍቷል። ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። እጁን ያዝኩት። እሱ ግን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አቶ ደምሴን አየ።

«ማኅተም አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ አላወቅሁም።

ኦይታ በቅል ውሃ አምጥቶ ለአቶ ደምሴ ዘረጋለት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቢ አለ።

«ቃል ከሚሰጥ ሰው ቤት ውሃም አልቀምስም። በኋላ በልቶ ጠጥቶ ጻፈ ይባላል።»

ኦይታ ወደ እኔ ዞረ። «ይኼ ሰው ጠብ አለው? እኛ ጋ ውሃ እንቢ የሚል ጠብ ያለው ነው።»

«ጠብ የለውም። ሥራው ነው።»

«መጥፎ ሥራ ነው» አለ ኦይታ። ግርማ እንኳ በዚያ ሕመሙ ፈገግ አለ።

አቶ ደምሴ ኦይታን ለምስክርነት አስቀርቶ እኔን ወደ ውጭ ሸኘኝ። በሩን ገርበብ አደረገው። ከአንድ ግራር ሥር፣ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የግርማን ድምፅ አልሰማም፤ የአቶ ደምሴ «ይድገሙልኝ» ብቻ አልፎ አልፎ ይሰማኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፍርሃት አልነበረብኝም። ሐዘን ነበረብኝ፣ ፍርሃት ግን አልነበረም። ሊሞት ነው፣ ልጁንና ቤቱን ለእኔ ሊያደላድል ነው፣ ጥሩ ባል ነው፤ ይህን ነበር የማስበው።

ከዚያ በሩ ተከፈተ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ይግቡ» አለ አቶ ደምሴ። ብዕሩ ክዳኑ ውስጥ ገብቷል፤ ወረቀቱ ላይ ከሦስት መስመር በላይ አልተጻፈም። ኦይታ መሬት ላይ ተቀምጦ ግርማን ያያል።

«ይንገሯት» አለው ግርማ አቶ ደምሴን፤ ወዲያው «አይ፣ እኔ ልንገራት» አለ። «ዘኑ፣ ቤቱን አልገዛሁትም።»

«የትኛውን ቤት?»

«የእኛን። የነጋሽ ነው። ትርፍ ቤት ሊወረስ ነው ሲባል፣ ሁለት ቤት ነበረውና በስምህ አስመዝግብልኝ አለኝ። አስመዘገብኩለት። ነገሩ ሲረጋ እመልስልሃለሁ አልኩት። አልረጋም፤ እሱም ሞተ።»

«ሰባት ዓመት!» አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

«ሰባት ዓመት» አለ። «ብርቄ ስትመጣ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ነው ቱርሚን የለመንኩት። ሰው ሁሉ ከዚህ አገር ሊቀየር ያመለክታል፤ እኔ ለመምጣት አመለከትኩ።»

አቶ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን የተባለውን ከጻፍኩ ቤቱ ነገ የመንግሥት ነው፤ ለእርስዎም ለእሷም አይሆንም። ስለዚህ ያንን አልጻፍኩም። የጻፍኩት ቤቴን ለወይዘሮ ብርቄ ተናዝዣለሁ የሚለውን ነው። ነገር ግን በሕጉ ቤቱ የባልና ሚስት ነው። አቶ ግርማ መስጠት የሚችሉት ግማሹን ነው። ሙሉው እንዲሄድ እርስዎ ተስማምቻለሁ ብለው እዚህ ግርጌ መፈረም አለብዎ። ከተስማሙ እጨምርና አነባለሁ፤ ካልተስማሙም በግማሹ አነባለሁ። ማንም አያስገድድዎትም።»

ሦስቱም አዩኝ።

«ሰብለስ?» አልኩት ግርማን። «ልጄን የት ላስተኛት ነው?»

«የሰው ቤት ውስጥ ነው የተኛችው» አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ። «ፈርሚልኝ፣ ዘኑ። እያየሁሽ።»

አልፈርምም አላልኩም። እፈርማለሁም አላልኩም። «መጣሁ፣ ውሃ ላምጣ» ብዬ ወጣሁ። ውሃው አልጋው አጠገብ በቅል ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ያዩታል።

እንግዲህ ያቺ ቦታ ይህቺ ናት።

ከግራሩ ሥር ቆምኩ። የኖራ ቀለሙን በእጄ የቀባሁት የቤታችን ግድግዳ ታየኝ። ብርቄ ከማንጎው ሥር ተቀምጣ የምታየው ምን እንደነበረ ገባኝ፤ አንድ ጊዜ ልጆቿ ማንጎ አወረዱ ብዬ እንደተቆጣኋትም ትዝ አለኝ፤ በሐፍረት ፋንታ ግን ቁጣዬ ባሰብኝ። ሰባት ዓመት አብሬው ተኝቼ አልነገረኝም። አሁን ሊሞት ሲል፣ በባዕድ ፊት፣ በአንድ ፊርማ ያራግፈው? እሱ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል፤ እኔ ልጄን ይዤ ኪራይ ቤት ልፈልግ? ትንሽ ይጠብቅ አልኩ። እኔ ሰባት ዓመት አልጠበቅሁም? ስወስን እገባለሁ።

«ወይዘሮ ዘነቡ!» አለ አቶ ደምሴ ከውስጥ።

ዝም አልኩ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ቶሎ ይምጡ!»

እግሬ ሥር ያለውን ጠጠር እገፋ ነበር።

ሦስተኛው ጥሪ የአቶ ደምሴ ድምፅ አልነበረም። «ዘኑ» አለ፤ ሰው ከሌላ ክፍል መነጽሩን እንዲያቀብሉት የሚጠራ ያህል ቀለል ያለ ድምፅ ነበር። ነፋስ አልነበረም። ፍየል አልጮኸም። ጥርት ብሎ ሰማሁት።

ጠጠሩን ገፋሁ።

ከዚያ ኦይታ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። አልጠራኝም። ቆሞ አየኝ፤ አየሁት፤ ሮጥኩ። ስገባ ግርማ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፤ ግን አያይም። አቶ ደምሴ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ጉልበቱ ላይ የነበረው ወረቀት ሳይነበብ፣ ሳይፈረም መሬት ወድቋል።

ጮህኩ። ከዚያ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ወረቀቱን አንሥቼ ግርጌው ላይ ስሜን ጻፍኩ። የቀለም ሰሌዳውን ከቆርቆሮው ውስጥ አወጣሁ። የግርማን አውራ ጣት ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንኩት። ጣቱ ይሞቃል። ሕይወት ያለው ሰው እጅ ነው የሚመስለው።

አቶ ደምሴ ወረቀቱን ከሥሬ ሳበው።

«የሞተ ሰው አሻራ አልቀበልም።»

«አሁን ነው የሞተው! አሁን! ቃሉን ሰምተዋል፤ ፈርሜያለሁ፤ ማን ያውቃል?»

«ወይዘሮ ዘነቡ፣» አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ፣ «ሳይነበብለት አርፏል። የእርስዎም ፊርማ የሚደገፍበት ነገር የለውም። ያለ ኑዛዜ እንደሞተ ይቆጠራል። ግማሹ የእርስዎ፣ የእሱ ድርሻ የልጁ ነው። ሕጉ ቤቱን ለእናንተ ሰጥቷል።»

እኔ የፈለግሁት ይህንኑ አልነበረም? ከግራሩ ሥር የቆምኩት ለዚህ አልነበረም? የባሌን እጅ እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አቶ ደምሴ በመዝገቡ ላይ «ተናዛዡ ሳይነበብላቸው ስላረፉ ተዘግቷል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቅሉን አንሥቶ ውሃ ጠጣ። ኦይታ ሲጠጣ ጠበቀውና ጠየቀው።

«አለቀ?»

«አለቀ። ኑዛዜ የለም።»

«እንዴት የለም? ሐኪም ተናገረ። አንተ ሰማህ፣ እኔ ሰማሁ፣ እሷ ሰማች። እኛ ጋ ሰው ሲሞት የተናገረውን የሰማ ይሸከማል። እናንተ ጋ ወረቀት ይሸከማል?»

አቶ ደምሴ ማኅተሙን ወደ ቆርቆሮው መልሶ ክዳኑን ገጠመ።

ግርማን ዲመካ ወስደን ቀበርነው። ስናጥበው የጣቱ ቀለም አልለቀቀም። አሸዋ አድርገን፣ ሳሙና አድርገን አሸነው፤ እንደ ሰማያዊ ጥፍር ሆኖ ቀረ። እንደዚያው ተገነዘ።

ጂንካ ሐዘን ስቀመጥ ከሁሉ ቀድማ የመጣችው እትዬ ብርቄ ናት። ሰባት ቀን ሙሉ ግቢውን ጠረገች፣ ለቀስተኛ አስተናገደች። «አይዞሽ፣ ቤት አለሽ፣ ልጅ አለሽ» ትለኛለች። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ሰባቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ትምህርት ተዘጋ። ሌሊት አልቅሼ ጠዋት ልጆችን «ሐሰት አትናገሩ» እያልኩ አስተምራለሁ።

በዓመቱ ወደ አቶ ደምሴ ቢሮ ሄድኩ። ምን ልሠራ እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። የስጦታ ውል መጻፊያውን አወጣ።

«ስንት ነው የምከፍለው?» አልኩት።

«መዝገቡንና ቴምብሩን። ዛሬ እርስዎ ነዎት የመጡት፤ አበል የለኝም። ግን ይወቁት፤ መስጠት የሚችሉት የራስዎን ግማሽ ብቻ ነው። የልጅቷን ድርሻ እናትም ብትሆኚ አትነኪም።» በመጨረሻ «አንቺ» አለኝ። የሚወቅሰኝ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ያዘነልኝ ይመስላል።

ያኔ ነው የሃያው እርምጃ ዋጋ የገባኝ። ከግራሩ ሥር ተመልሼ ገብቼ ፈርሜ ቢሆን ሙሉው ይሄድ ነበር።

ውሉን ይዤ እትዬ ብርቄ ጋ ሄድኩ። ነገርኳት። ቅቤዋን ማማሰል አላቆመችም።

«ነጋሽ ነግሮኝ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽንም?»

«ጠይቄ ብትክዱኝስ? ጎረቤትም ቤትም ላጣ? ለሌላ ብናገር መንግሥት ይወስደዋል። ስለዚህ እየመጣሁ ግርማን አየዋለሁ። እሱም ያየኛል። አንድ ቀን ይከብደዋል ብዬ ነበር።» ከዚያ ቀና አለች። «ከብዶት ነበር?»

«ከብዶት ነበር» አልኩ።

ሁለት ክፍል ለእሷ፣ ሁለት ክፍል ለእኛ ሆኖ፣ በመካከል የጭቃ ግድግዳ አቁመን አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ሲያስላት እሰማታለሁ። ልጆቿን ስትቆጣ እሰማለሁ። አንዳንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ ስሜን ስትጠራ እደነግጣለሁ፤ መልስ ከመስጠቴ በፊት ማን እንደጠራኝ አረጋግጣለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ውል አዋዋይ መጥራት ያለባችሁ ቆማችሁ ስትሄዱ ነው። ክፍያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ምስክራችሁን ምረጡ፤ ይህ ሁሉ ቀላል ነው፣ ማንም ያስረዳችኋል። ማንም የማያስረዳችሁ ሌላ ነው። ባለማኅተሙ የሚጽፈው ቤት ውስጥ አስቀድሞ የተነገረ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ግርማ ማዕድ ላይ ነግሮኝ ቢሆን፣ ለመቆጣት ሰባት ዓመት ነበረኝ። ለይቅርታም እንዲሁ። እሱ ሁሉንም ለአንዲት ጠዋት አስቀመጠው፤ እኔም ያቺን ጠዋት ለቁጣዬ ወሰድኳት። ባሌን አልወቅስም። ፈርቶ ነበር። እኔ ግን አልፈራሁም ነበር።

ሰብለ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከማንጎው ሥር አስቀምጬ ነገርኳት፤ ቤቱን፣ ነጋሽን፣ ወረቀቱን፣ የአባቷን ጣት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባዬ ሲጠራሽ ሰምተሽው ነበር?»

«ነፋስ ነበር» አልኳት። «አልሰማሁም።»

አቀፈችኝ። በማግሥቱ ሄዳ ድርሻዋን ለእትዬ ብርቄ ፈረመች፤ እኛም ኪራይ ቤት ገባን። አሁን አርባ ምንጭ ታስተምራለች። በየበዓሉ ስትጽፍልኝ «አንቺ ምን ጥፋት አለብሽ፣ ነፋስ ነው» ትለኛለች። እኔን ለማጽናናት ነው።

ሰብለ፣ ይህን ታነቢዋለሽ። ነፋስ አልነበረም።